በቤት ውስጥ የሚሠራ ቀላል የማይክሮኮንትሮለር ፕሮግራመር፦ አሠራሩና የኃይል አቅርቦቱ

ማይክሮኮንትሮለር ከፋብሪካ ሲወጣ ውስጡ ባዶ ነው። ምን መሥራት እንዳለበት የሚነግረው ፕሮግራም በፍላሽ ሜሞሪው ላይ እስኪጻፍለት ድረስ እግር ካበቀለ ፕላስቲክ አይለይም፤ ኮምፒዩተሩም በዩኤስቢ ገመዱ ብቻ ሊደርስበት አይችልም። በመካከላቸው ቆሞ የኮምፒዩተሩን ትእዛዝ የሚቀበልና ቺፑ በሚገባው መልክ የሚያስተላልፍ ትንሽ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ ይህም ፕሮግራመር ይባላል። ፕሮግራም የሚጽፈው ሰውም በዚሁ ስም ስለሚጠራ፣ ቃሉ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ መሣሪያውን ብቻ እንደሚያመለክት ከወዲሁ ይታወቅ።

ከዚህ በታች የሚገለጸው አሠራር አቪአር በመባል ለሚታወቁት ቺፖች፣ በተለይም ለአትሜጋ 328ፒ እና ለአትታይኒ 85 የሚያገለግል ነው። ቺፖቹን የፈጠረው አትሜል የተባለው ኩባንያ በ2016 በማይክሮቺፕ ስለተገዛ የዛሬ ሰነዶቻቸው የሚወጡት በገዢው ስም ነው፤ የአጻጻፍ ሥርዓታቸው ግን አልተለወጠም። ሽቦውን ማገናኘት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ጀማሪውን ለቀናት የሚያደክመው ሌላ ነገር ሲሆን፣ እርሱም ኃይሉ ከየት እንደሚመጣ፣ በየትኛው መንገድ እንደሚሄድና በጽሕፈቱ ጊዜ ሳይዋዥቅ መቆየቱ ነው። አብዛኛው ሰው ጥፋቱን በሶፍትዌሩ ውስጥ ሲፈልግ ይውላል፤ ጥፋቱ ግን ብዙውን ጊዜ በቮልቴጁ ላይ ይገኛል። በዚህም ምክንያት ስለ ኃይል የሚነገረው ክፍል ከሌላው ረዘም ብሎ ቀርቧል።

ቺፑ የሚጻፍበት መንገድ

አቪአር ቺፕ የሚጻፈው ኤስፒአይ በተባለው ተከታታይ የመልእክት መስመር አማካይነት ነው። መስመሩ አራት ሽቦዎች አሉት። ሞሲ የሚባለው መረጃን ከፕሮግራመሩ ወደ ቺፑ ይወስዳል፤ ሚሶ ደግሞ የቺፑን መልስ ይመልሳል፤ ኤስሲኬ የሁለቱን እርምጃ የሚያስተካክል የሰዓት ምት ነው፤ ሪሴት ቺፑ የራሱን ሥራ አቁሞ እንዲያዳምጥ ያደርገዋል። በእነዚህ ላይ ፖዘቲቩና ግራውንዱ ሲጨመሩ ሽቦዎቹ ስድስት ይሆናሉ። ባለ ስድስት እግሩ መደበኛ ማገናኛ የተሠራው ለዚሁ ሲሆን፣ ከአንደኛው እግር ጀምሮ ቅደም ተከተሉ ሚሶ፣ ፖዘቲቭ፣ ኤስሲኬ፣ ሞሲ፣ ሪሴት እና ግራውንድ ነው።

ጽሕፈቱ ሲጀመር ፕሮግራመሩ ሪሴትን ወደ ዜሮ ቮልት ያወርድና ቢያንስ 20 ሚሊሰከንድ ይጠብቃል፤ ከዚያም ኤሲ፣ 53፣ 00፣ 00 የሚሉ አራት ባይቶችን በአስራ ስድስት ቤት አቆጣጠር ይልካል። ቺፑ በሕይወት ካለና ከሰማ፣ ሦስተኛው ባይት በሚላክበት ቅጽበት 53ን መልሶ ያስተጋባል። ይህ ማስተጋባት ካልመጣ ሌላው ሁሉ አይቀጥልም። ኮምፒዩተሩ ላይ የሚታዩት የስህተት መልእክቶች መልካቸው ቢለያይም፣ ብዙዎቹ የሚሉት ይህን ያህል ብቻ ነው፦ ተጣራሁ፣ የሚመልስልኝ አጣሁ።

ለፍጥነቱም ወሰን አለው። ከ12 ሜጋሄርዝ በታች ለሚሠራ ቺፕ የኤስሲኬ ፍጥነት ከቺፑ የራሱ ፍጥነት አንድ አራተኛ በታች መሆን ይገባዋል። አዲስ አትሜጋ 328ፒ ከፋብሪካ የሚመጣው የ8 ሜጋሄርዝ ውስጣዊ ምቱ ለስምንት ተከፍሎ በ1 ሜጋሄርዝ እንዲሄድ ሆኖ ስለሆነ፣ ከ250 ኪሎሄርዝ በላይ የሚጣደፍ ፕሮግራመር አዲሱን ቺፕ ሊያነጋግረው አይችልም።

ዶሮ ወይስ እንቁላል

ፕሮግራመርን በገዛ እጅ ለመሥራት ሲታሰብ አንድ የቆየ እንቆቅልሽ ይገጥማል። የፕሮግራመሩ ልብ ራሱ ማይክሮኮንትሮለር ነው፤ እርሱን ለመጻፍ ደግሞ ሌላ ፕሮግራመር ያስፈልጋል። ቀደም ባለው ዘመን ይህ የሚፈታው በኮምፒዩተሩ የፕሪንተር ፖርት ነበር። ጥቂት ሬዚስተሮችን ከፖርቱ እግሮች ጋር ማገናኘት ይበቃ ነበር፤ ኮምፒዩተሩ እግሮቹን አንድ በአንድ ከፍና ዝቅ እያደረገ ቺፑን በቀጥታ ይጽፈዋል። ያ ፖርት ዛሬ ከአብዛኞቹ ኮምፒዩተሮች ጠፍቷል፤ በዩኤስቢ የሚሰካው የፕሪንተር መለወጫም እያንዳንዱን እግር በዚያ መልኩ ለማዘዝ ስለማይፈቅድ አይተካውም።

ዛሬ ቀላሉ መውጫ ቡትሎደር፣ ማለትም በዩኤስቢ የመጣን ፕሮግራም ተቀብሎ በቺፑ ላይ የሚጽፍ ትንሽ ፕሮግራም፣ አስቀድሞ የተጻፈበት አርዱዪኖ ኡኖ ወይም ናኖ የተባለ ዝግጁ የማይክሮኮንትሮለር ሰሌዳ ነው። ሰሌዳው ያለ ሌላ ፕሮግራመር በዩኤስቢ ብቻ ስለሚጻፍ፣ አርዱዪኖ አይኤስፒ የተባለው ናሙና ፕሮግራም (በአርዱዪኖ ተጠቃሚዎች ዘንድ ፕሮግራም ስኬች ይባላል) ሲጫንበት እርሱ ራሱ ፕሮግራመር ይሆናል። ናኖ ትንሽ ስለሆነና በሶኬት ላይ ስለሚቀመጥ በቋሚነት ለሚሠራ መሣሪያ እርሱን እመርጣለሁ። ብዙዎቹ ርካሽ ናኖዎች ሲኤች340 የተባለውን የዩኤስቢ ቺፕ ስለሚጠቀሙ፣ ኮምፒዩተሩ ሰሌዳውን ካላወቀው የዚህን ቺፕ ድራይቨር መጫን ያስፈልጋል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ከናኖው ሌላ ባለ ቀዳዳ የብየዳ ሰሌዳ፣ ለናኖው ሁለት ረድፍ የሴት ሶኬት፣ ባለ 28 እግርና ባለ 8 እግር የቺፕ ሶኬት ይዘጋጃሉ። ለ28 እግሩ በማንሻ የሚከፈትና የሚዘጋ ሶኬት ከተገኘ የቺፑ እግር ከመጣመም ይድናል። ከሬዚስተር አራት የ470 ኦም፣ አራት የ1 ኪሎኦምና አንድ የ10 ኪሎኦም፤ ከካፓሲተር አራት የ0.1 ማይክሮፋራድ፣ አንድ የ0.33 ማይክሮፋራድ፣ ሁለት የ10 ማይክሮፋራድና ሁለት የ22 ፒኮፋራድ፤ እንዲሁም የ16 ሜጋሄርዝ ክሪስታል፣ አራት ኤልኢዲዎች፣ ጥቂት የጃምፐር እግሮች (በትንሽ ቆብ የሚገናኙ፣ ቆቡ ሲነሳ የሚለያዩ)፣ ከፍ ያለን ቮልቴጅ ወደ ቋሚ 5 ቮልት የሚያወርደው 7805 ሬጉሌተር፣ 1ኤን4007 ዳዮድና የአዳፕተር መሰኪያ ይጨመራሉ። መልቲሜትር የግድ ነው። ያለ እርሱ የሚሠራ ሰው በጨለማ መርፌ እንደሚፈልግ ነው።

ስኬቹን መጫንና ሽቦውን ማገናኘት

በመጀመሪያ ናኖው ብቻውን፣ ምንም ሳይገናኝበት፣ ወደ ኮምፒዩተሩ ይሰካል። በአርዱዪኖ ሶፍትዌር የምሳሌዎች ዝርዝር ውስጥ ያለው አርዱዪኖ አይኤስፒ ተከፍቶ በተለመደው መንገድ ይጫናል። ስኬቹ ሳይለወጥ የሚጠቀመው የኤስፒአይ ፍጥነት 167 ኪሎሄርዝ ገደማ ሲሆን፣ ይህም ከላይ ለተጠቀሰው የ1 ሜጋሄርዝ ቺፕ የሚመች ነው። በውስጣዊው የ128 ኪሎሄርዝ ምት እንዲሄድ የተደረገ ቺፕ ካጋጠመ ግን፣ በስኬቹ መጀመሪያ አካባቢ ያለውን የፍጥነት ቁጥር ወደ 20,000 አውርዶ እንደገና መጫን ያስፈልጋል።

ከዚያ በኋላ ሽቦው ይበየዳል። ከናኖው ፒን 11 ሞሲ፣ ከፒን 12 ሚሶ፣ ከፒን 13 ኤስሲኬ፣ ከፒን 10 ደግሞ ወደ ዒላማው ቺፕ፣ ማለትም ወደሚጻፍበት ቺፕ፣ የሚሄደው ሪሴት ይወጣሉ። በአራቱም መስመሮች ላይ በየግላቸው የ470 ኦም ሬዚስተር በመካከል ይገባል። ብዙ ሥዕላዊ መመሪያዎች እነዚህን ሬዚስተሮች ይተዋቸዋል፤ እኔ ግን አልተዋቸውም፤ ምክንያቱ ስለ ኃይል ሲነገር ይገለጣል። በአትሜጋ 328ፒ በኩል ሪሴት 1ኛው እግር፣ ሞሲ 17ኛው፣ ሚሶ 18ኛው፣ ኤስሲኬ 19ኛው ነው። ፖዘቲቭ ወደ 7ኛውና ወደ 20ኛው፣ ግራውንድ ወደ 8ኛውና ወደ 22ኛው እግር ይሄዳል። በአትታይኒ 85 ደግሞ ሪሴት 1ኛው፣ ግራውንድ 4ኛው፣ ሞሲ 5ኛው፣ ሚሶ 6ኛው፣ ኤስሲኬ 7ኛው፣ ፖዘቲቭ 8ኛው እግር ነው። ሁለቱ ሶኬቶች አንዱን መስመር ስለሚጋሩ በአንድ ጊዜ ሁለት ቺፕ ማስቀመጥ አይቻልም።

የ10 ኪሎኦሙ ሬዚስተር በዒላማው ሪሴትና በፖዘቲቩ መካከል ይገባል። የ16 ሜጋሄርዙ ክሪስታል በ9ኛውና በ10ኛው እግር መካከል ይበየዳል፤ ከሁለቱም እግሮች ወደ ግራውንድ የ22 ፒኮፋራድ ካፓሲተሮች ይወርዳሉ። አዲስ ቺፕ በውስጣዊ ምቱ ስለሚሄድ ክሪስታሉን አይፈልገውም፤ ሆኖም ከሶኬቱ ጋር አብሮ መኖሩ ወደፊት ከብዙ ችግር ያድናል። የክሪስታሉ ሽቦ አጭር ይሁን፤ ከአንድ ወይም ከሁለት ሴንቲሜትር አይለፍ።

ሦስቱ ኤልኢዲዎች በየ1 ኪሎኦሙ ሬዚስተር በኩል ከፒን 9፣ 8 እና 7 ጋር ይገናኛሉ። በፒን 9 ያለው ስኬቹ በሥራ ላይ ሲሆን እንደ ትንፋሽ ቀስ እያለ ይደምቃል፣ ይደበዝዛል፤ በፒን 8 ያለው ስህተትን፣ በፒን 7 ያለው ጽሕፈትን ያሳያል። አራተኛው ኤልኢዲ ከናኖው ጋር ሳይሆን ከዒላማው ፖዘቲቭ መስመር ጋር ይያያዛል። ከአራቱ አንዱን ብቻ ያዝ ብባል የምይዘው ይህንኑ ነው።

በመጨረሻ ከ10 ማይክሮፋራዶቹ አንዱ በናኖው የራሱ ሪሴትና በግራውንዱ መካከል፣ ፖዘቲቭ ጎኑ ወደ ሪሴት ሆኖ፣ በጃምፐር በኩል ይገናኛል። የዚህ ካፓሲተር ሥራ አንድ ነው። ኮምፒዩተሩ የዩኤስቢ ግንኙነቱን በከፈተ ቁጥር ናኖው ራሱን ዳግም ያስጀምርና አዲስ ፕሮግራም ሊጫንብኝ ነው ብሎ ይጠብቃል፤ ስለዚህም ለዒላማው የመጣው ትእዛዝ ለናኖው የተላከ ይመስላል። ካፓሲተሩ ይህን ዳግም ማስጀመር ይውጠዋል። ስኬቹን ማደስ ሲያስፈልግ ጃምፐሩ ይነቀላል፤ ካልተነቀለ አዲሱ ስኬች አይጫንም።

ኃይሉ

ዒላማው ቺፕ ኃይል ሊያገኝ የሚችልባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው፦ ከናኖው 5 ቮልት፣ ከራሱ ሬጉሌተር ወይም ቺፑ አስቀድሞ ከተተከለበት ሰሌዳ። ሦስቱንም የሚያስተናግድ ቀላል ዘዴ ባለ ሦስት እግር ጃምፐር ነው። የመካከለኛው እግር ወደ ዒላማው ፖዘቲቭ ይሄዳል፤ አንደኛው ጎን ከናኖው 5 ቮልት፣ ሌላው ጎን ከ7805 መውጫ ጋር ይገናኛል። ዒላማው የራሱ ኃይል ሲኖረው ጃምፐሩ ጨርሶ ይነሳል። በዚህ አሠራር ሁለት የኃይል ምንጮች በአንድ መስመር ላይ ሊገናኙ አይችሉም። ሁለት 5 ቮልቶች መቼም ፍጹም እኩል ስላልሆኑ፣ ቢገናኙ ከፍ ያለው ዝቅ ወዳለው ይገፋል፤ ዝቅ ያለው የኮምፒዩተሩ የዩኤስቢ ፖርት ሊሆንም ይችላል። ግራውንዱ ግን በሦስቱም መንገዶች የጋራ መሆን አለበት፤ የጋራ ግራውንድ ከሌለ ሞሲ ላይ ያለው 5 ቮልት ከምን አንጻር 5 ቮልት እንደሆነ ቺፑ ሊያውቅ አይችልም።

ሶኬት ውስጥ ብቻውን ለተቀመጠ ቺፕ የናኖው 5 ቮልት ከበቂ በላይ ነው። አትሜጋ 328ፒ በ8 ሜጋሄርዝና በ5 ቮልት ሲሠራ የሚፈልገው ከ10 ሚሊአምፔር በታች ሲሆን፣ የተለመደ የዩኤስቢ 2.0 ፖርት ግን ከኮምፒዩተሩ ጋር ከተግባባ በኋላ እስከ 500 ሚሊአምፔር ይሰጣል። ችግሩ የሚጀምረው ቺፑ በሰሌዳ ላይ ከሌሎች ዕቃዎች ጋር ሲሆን ነው። የ5 ቮልት ሪሌይ ብቻውን 70 ወይም 80 ሚሊአምፔር ይወስዳል፤ ሞተር ሲነሳ ደግሞ ለቅጽበት የዚህን ብዙ እጥፍ ይጎትታል። በጽሕፈቱ መካከል ቮልቴጁ ለጥቂት ሚሊሰከንድ ቢወድቅ ቺፑ ዳግም ይጀምራል፤ ኮምፒዩተሩም የተጻፈው ከተላከው ጋር አልተመሳሰለም ይላል። እንዲህ ያለ ስህተት በየጊዜው በተለያየ አድራሻ ላይ የሚታይ ከሆነ፣ ከኃይል ውጭ ሌላ ነገር ከመመርመር በፊት ቮልቴጁን መለካት ይገባል።

ለእንደዚህ ዓይነቱ ዒላማ 7805 ያስፈልጋል። 7805 በትክክል 5 ቮልት እንዲያወጣ ቢያንስ 7 ቮልት መግባት አለበት፤ ፖላሪቲው ቢገለበጥ ጥፋት እንዳይደርስ ከፊቱ የሚቆመው 1ኤን4007 ዳዮድ 0.7 ቮልት ያህል ስለሚወስድ፣ የ9 ቮልት ቀጥተኛ አዳፕተር ልክ ይሆናል። ከመግቢያው እግር አጠገብ የ0.33፣ ከመውጫው አጠገብ የ0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ይበየዳል። የ12 ቮልት አዳፕተርም ይሠራል፤ ነገር ግን ትርፉ ቮልቴጅ ሁሉ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ሬጉሌተሩ ላይ 12 ቮልት ደርሶ ዒላማው 100 ሚሊአምፔር ቢወስድ፣ ሰባቱ ቮልት በ0.1 አምፔር ተባዝቶ 0.7 ዋት ይሆናል፤ ማቀዝቀዣ ብረት የሌለው 7805 በዚህ መጠን ከክፍሉ አየር 45 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ሊሞቅ ይችላል። ከግድግዳው መስመር በራስ ትራንስፎርመር ጀምሮ የኃይል አቅርቦት መሥራት ለዚህ ዓላማ አያስፈልግም፤ ተዘግቶ የተሠራ አዳፕተር ያንን አደገኛ ክፍል ከእጅ ያርቀዋል።

በባትሪ መጠቀም ለሚፈልግ ሰው ስሌቱ ቀላል ቢመስልም ወጥመድ አለበት። አራት አዲስ የአልካላይን ባትሪዎች በወረቀት ላይ 6 ቮልት ናቸው፤ በመልቲሜትር ሲለኩ ግን ከዚያ ያልፋሉ፤ የአትሜጋ 328ፒ የመጨረሻ ወሰን ደግሞ 6 ቮልት ነው። ሦስት አልካላይን 4.5 ቮልት፣ ወይም አራት ዳግም የሚሞሉ የኒኬል ባትሪዎች 4.8 ቮልት ስለሚሰጡ ያለ ሬጉሌተር ሊያገለግሉ ይችላሉ።

ከምንጩ ቀጥሎ የሚታየው መንገዱ ነው። የ0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አንዱ በ7ኛውና በ8ኛው እግር፣ ሌላው በ20ኛውና በ22ኛው እግር መካከል፣ በተቻለ መጠን ለእግሮቹ ተጠግቶ ይበየዳል፤ በአትታይኒው ሶኬት ላይም በ4ኛውና በ8ኛው መካከል እንዲሁ። የቀረው 10 ማይክሮፋራድ በዒላማው ዋና የኃይል መስመር ላይ ይቀመጣል። ቺፑ በእያንዳንዱ ምት በአጭር ጉንጭ ስለሚጎነጭ፣ አጠገቡ ያለው ካፓሲተር ረጅሙ ሽቦ እስኪያደርስ ድረስ ያጠጣዋል። የ20ኛው እግር ነገር በተለይ ሊታሰብ ይገባል። የአናሎግ ክፍሉ ኃይል ነው ተብሎ ስለሚገለጽ አናሎግ የማይጠቀም ሰው ሊተወው ይፈልጋል፤ ሆኖም ከዋናው ፖዘቲቭ ከ0.3 ቮልት በላይ እንዳይለይ የሰነዱ መመሪያ ያዛል።

አሁን ወደ 470 ኦሞቹና ወደ አራተኛው ኤልኢዲ እንመለስ። የቺፑ እያንዳንዱ የመልእክት እግር ከውስጥ ወደ ፖዘቲቩ የሚያመራ መከላከያ ዳዮድ አለው። የዒላማው ፖዘቲቭ ተረስቶ ሳይገናኝ ቢቀርና ናኖው በሞሲ ወይም በኤስሲኬ ላይ 5 ቮልት ቢያወጣ፣ ኃይሉ በዳዮዱ በኩል ሾልኮ ወደ ቺፑ ሆድ ይገባል። ቺፑ በዚህ የሌባ መንገድ በመጣ ኃይል በግማሽ ይነቃል፤ አንዳንድ ጊዜ ይመልሳል፣ አንዳንድ ጊዜ ዝም ይላል፤ ሠሪው ደግሞ ሽቦው ልክ ነው ብሎ ሶፍትዌሩን መቀያየር ይጀምራል። ሬዚስተሩ በዚህ መንገድ የሚያልፈውን በአንድ መስመር ከ10 ሚሊአምፔር በታች ስለሚገድበው እግሩ አይቃጠልም። ኤልኢዲው ደግሞ ሁኔታውን ያጋልጣል፤ በደማቁ ከበራ ኃይሉ በትክክለኛው በር ገብቷል፤ ጽሕፈት ሲሞከር ብቻ ጭል ጭል ካለ በመስኮት ገብቷል።

በ3.3 ቮልት ለሚሠሩ ሰሌዳዎች ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የቺፑ እግር ከራሱ ፖዘቲቭ ከ0.5 ቮልት በላይ ከፍ ያለ ቮልቴጅ እንዲያገኝ አይፈቀድም፤ በሰሌዳው ላይ አብረው ያሉት የሬዲዮ ሞጁልና የሜሞሪ ካርድም 5 ቮልትን አይችሉም። መፍትሔው ከናኖው የሚወጡትን ሞሲንና ኤስሲኬን በ1 ኪሎኦምና በ2 ኪሎኦም ሬዚስተር አከፋፍሎ ወደ 3.3 ቮልት ማውረድ ነው፤ ሪሴትም በዚሁ መንገድ ይስተናገዳል። ሚሶ እንዳለ ሊመጣ ይችላል፤ ምክንያቱም በ5 ቮልት የሚሠራው ናኖ ከ3 ቮልት በላይ ያለውን እንደ አንድ ያነብበዋል። ከናኖው የ3.3 ቮልት እግር ሙሉ ሰሌዳ ለመመገብ መሞከር ግን አይመከርም፤ ያ እግር ከ50 ሚሊአምፔር በላይ እንዲሰጥ አልተሠራም።

የመጀመሪያው ሙከራ

ብየዳው ካለቀ በኋላ ናኖውም ቺፑም ሳይኖሩ በዒላማው ፖዘቲቭና ግራውንድ መካከል ሾርት አለመኖሩ በመልቲሜትር ይፈተሻል። ቀጥሎ ናኖው ገብቶ ዩኤስቢው ይሰካና በባዶው ሶኬት 7ኛና 8ኛ ቀዳዳ መካከል ያለው ቮልቴጅ ይለካል። ለ5 ቮልት የቀረበ መሆን አለበት፤ በጣም ዝቅ ካለ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የቀጭን ዩኤስቢ ገመድ ነው። ገመዱ ተነቅሎ ቺፑ ጫፉ ላይ ያለውን የጥርስ ምልክት አቅጣጫ ጠብቆ ይገባል፤ ከዚያ እንደገና ይሰካል።

በአርዱዪኖ ሶፍትዌር የፕሮግራመር ዝርዝር ውስጥ አርዱዪኖ አዝ አይኤስፒ የሚለው ይመረጣል። አቪአርዱድ የተባለውን የጽሕፈት ሶፍትዌር በቀጥታ የሚጠቀም ሰው የፕሮግራመሩን ዓይነት ኤስቲኬ500 ቪ1፣ ፍጥነቱን 19200 ያደርጋል። መጀመሪያ መጻፍ ሳይሆን የቺፑን መለያ ማንበብ ነው። አትሜጋ 328ፒ 1ኢ፣ 95፣ 0ኤፍ ብሎ ይመልሳል፤ አትታይኒ 85 ደግሞ 1ኢ፣ 93፣ 0ቢ። መጨረሻው 14 ከሆነ በእጅ ያለው ፒ የሌለው አትሜጋ 328 ነው፤ የፊደሉ ልዩነት በዓይን ለማለፍ ቀላል ስለሆነ ቺፑን ከመውቀስ በፊት ጀርባውን ማንበብ ይበጃል። መለያው አሥር ጊዜ ተነብቦ አሥሩንም ጊዜ አንድ ዓይነት ከሆነ ጽሕፈቱ ይቀጥላል።

ቡትሎደር ጻፍ የሚለው ትእዛዝ ፊውዞቹንም፣ ማለትም ቺፑ በየትኛው ምት እንደሚሄድና ሌሎች መሠረታዊ ጠባዮቹን የሚወስኑትን በውስጡ የሚጻፉ ቅንብሮች፣ አብሮ እንደሚለውጥ መታወቅ አለበት። ሰሌዳው ኡኖ ተብሎ ከተመረጠ ቺፑ ከዚያ በኋላ የውጭ ክሪስታል ካልተገኘ አይነሳም። አዲስ አትሜጋ 328ፒ የታችኛው ፊውዙ 62 ነው፤ ይህ ወደ ኢ2 ሲለወጥ ያለ ክሪስታል በሙሉ 8 ሜጋሄርዝ ይሄዳል፤ ኤፍኤፍ ሲሆን ክሪስታል ይጠብቃል። ክሪስታሉ ከሶኬቱ ጋር እንዲበየድ የተባለው ለዚህ ነው፤ በስህተት ኤፍኤፍ የተደረገ ቺፕ በሌላ ቦታ የሞተ ቢመስልም እዚህ ሲገባ ይመልሳል።

መልስ ሲጠፋ

ኮምፒዩተሩ ፕሮግራመሩ አልመለሰም ወይም አልተግባባንም ካለ ነገሩ በኮምፒዩተሩና በናኖው መካከል ነው። የተሳሳተ ፖርት ተመርጧል፣ የሪሴት ካፓሲተሩ ጃምፐር አልገባም ወይም ስኬቹ አልተጫነም፤ የትንፋሹ ኤልኢዲ የሚንቀሳቀስ ከሆነ የመጨረሻው ይወጣል። መለያው ሁሉም ዜሮ ወይም ሁሉም ኤፍኤፍ ሆኖ ከተነበበ ግን ናኖው ደህና ነው፤ የጠፋው ቺፑ ነው። በዚህ ጊዜ ቮልቴጁን በሰሌዳው ላይ ሳይሆን በቺፑ እግር ላይ መለካት ይገባል።

ይህን የተማርኩት ሁለት ምሽት ከፍዬ ነው። የመጀመሪያውን ፕሮግራመሬን ዕቃ ያለ ብየዳ በሚሰካበት ረጅም ብሬድቦርድ ላይ ሠርቼ፣ መለያው አንዴ እየመጣ አንዴ እየቀረ ሲያሾፍብኝ ሶፍትዌሩን ሦስት ጊዜ አጥፍቼ ጫንኩ። በመጨረሻ የቺፑን 7ኛ እግር ስለካ ያገኘሁት 3 ቮልት እንኳ የማይሞላ ነበር። የብሬድቦርዱ የኃይል መስመር መሃል ላይ የተቆረጠ ኖሯል፤ ብዙ ረጃጅም ብሬድቦርዶች እንዲህ ናቸው፤ ቀዩ ቀለም የሚቋረጥበትን ቦታ አላስተዋልኩም ነበር። ቺፑ ሁለቱን ምሽት የኖረው በሞሲ በኩል በሾለከ ኃይል ነው።

ከዚህ መሣሪያ አቅም በላይ የሆነ አንድ ጥፋት አለ። ሪሴትን ተራ እግር የሚያደርገው ፊውዝ ከተቀየረ ቺፑ በኤስፒአይ አይሰማም፤ የሚመለሰው በሪሴት እግሩ ላይ 12 ቮልት በሚያስገባ ሌላ ዓይነት ፕሮግራመር ብቻ ነው። አትታይኒ 85 እግሩ ስለሚያንሰው ይህ ፈተና በእርሱ ላይ ይበረታል።

ፕሮግራመሩ መለያን ሳይሳሳት ማንበብ ከጀመረ በኋላ ናኖውን ለሌላ ሥራ ነጻ ለማውጣት የሚፈልግ ሰው በእርሱ አማካይነት ዩኤስቢአስፕ የተባለውን ራሱን የቻለ ፕሮግራመር መሥራት ይችላል። ለዚያ የሚያስፈልጉት ዋና ዕቃዎች አትሜጋ 8፣ የ12 ሜጋሄርዝ ክሪስታልና በዩኤስቢ የመረጃ መስመሮች ላይ የሚገቡ ሁለት የ3.6 ቮልት ዜነር ዳዮዶች ናቸው። አትሜጋ 8 የእግር አቀማመጡ ከ328ፒ ጋር ስለሚስማማ በዚሁ ባለ 28 እግር ሶኬት ይጻፋል። መጀመሪያ ፕሮግራሙ፣ ቀጥሎ የታችኛው ፊውዝ ኢኤፍ፣ የላይኛው ሲ9 ሆኖ ይጻፍለታል፤ ከዚያ ወዲያ ክሪስታል በሌለበት ሰሌዳ ላይ ቢሰካ ድምፁ አይሰማም።